«ቲቸር፣ ስህተት መሆኑን እያወቁ የፈረሙት ነገር አለ?»

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከጎንደር ነው። የጻፉልኝ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ የወጡ አባት ናቸው። በእጃቸው ነው የጻፉት፤ አምስት ገጽ። ቀን አለው፣ «ጉዳዩ» የሚል መስመር አለው፣ ከግርጌው ፊርማ አለው። የዕድሜ ልክ ልማድ መሰለኝ። ቦታ ስለማይበቃ አሳጥሬዋለሁ። ሰው እንዳይታወቅም የወረዳውንና የመሥሪያ ቤቱን ስም አውጥቻለሁ።

«ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ፣

ዕድሜዬ 61 ነው። 34 ዓመት የመንግሥት ሠራተኛ ነበርኩ። መዝገብ ቤት ጀመርኩ። ቀጥሎ ወረዳ ላይ የመሬት አስተዳደር ባለሙያ ሆንኩ። ከዚያ የሥራ ሂደት መሪ፣ በመጨረሻም ዞን ገባሁ። ሥራ ላይ እያለሁ ሁለተኛ ዲግሪዬን ጨርሻለሁ። ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፐብሊክ ፖሊሲ እንዳስተምር በትርፍ ሰዓት ተጠራሁ። እንዴት እንደተደሰትኩ! ባለቤቴ ኮቴን ላውንደሪ ሰጠችልኝ።

አሁን ግን ልተወው ነው። ክፍሉ ውስጥ 58 ልጆች አሉ። ግማሾቹ ስልክ ላይ ናቸው። ትምህርቱ ከምሳ በኋላ ስለሆነ ሌሎቹ ያንቀላፋሉ። ስላይዴን አንብቤ ስጨርስ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ‹ቲቸር፣ ይሄ ለመውጫ ፈተና ይመጣል?› ስለ ሥራ ዘመኔ ላወራቸው ስል አንዱ ከኋላ ‹ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል› ብሎ ክፍሉን አሳቀው። እኔ በ34 ዓመት ውስጥ የሰው አምስት ሳንቲም አልበላሁም። አብሮኝ የሚያስተምር ወጣት ዶክተርም ‹ጋሼ፣ ተሞክሮ ጥሩ ነው፤ ግን ቲዎሪን አይተካም› አለኝ።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ስለ ፖሊሲ አፈጻጸም ሳስተምር አንዲት ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች። ‹ቲቸር፣ ስህተት መሆኑን እያወቁ የፈረሙት ነገር አለ?› አለችኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ስልኮቹ ሁሉ ወረዱ። እኔ ‹የዛሬው ርዕስ እሱ አይደለም› ብዬ ወደ ቀጣዩ ስላይድ አለፍኩ።

አለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ስናድል የባልም የሚስትም ፎቶ እንዲለጠፍበት ነበር። ፎቶ አንሺ የሚገኘው በገበያ ቀን፣ ከተማ ላይ ብቻ ነው። ባሎቹ ፎቶ ተነሱ። ከሩቅ ቀበሌ ያሉ ሚስቶች፣ አራስ ያለች፣ ከብት የሚጠብቅላት ያጣች፣ ብዙዎቹ አልመጡም። ሰኔ ደረሰ። ‹ደብተሩን ስጡ፣ ፎቶውን ቆይታችሁ ትለጥፋላችሁ› ተባልን። በቃል ነው የተባልነው። የሚስት ቦታው ባዶ የሆነ ብዙ ደብተር አደልን። ሪፖርቱ ላይ ‹100 በመቶ ተጠናቋል› ብዬ ፈረምኩ። ፎቶው ሳይለጠፍ ቀረ። ከጥቂት ዓመት በኋላ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ደብተሯን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ቢሮዬ መጣች። ስሟ የተጻፈው ሰፈር በምትጠራበት ስም ነው። የባሏ ወንድሞች ‹ይቺ አንቺ ነሽ ያለው ማን ነው?› ብለዋታል። ደብተሩን ገልጣ ባዶውን ቦታ በጣቷ አሳየችኝ። ፍርድ ቤት ሂጂ ብዬ መራኋት። ምን እንደደረሰች አላውቅም።

ለዚያች ተማሪ ምን ልበላት? ወይስ በክብር ልሰናበት?

የቀድሞ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከጎንደር»

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ።

በመጀመሪያ ይህን ልበል፤ እባክዎ አይተዉት። ከደብዳቤዎ አንድ መስመር ላይ ቀልቤ ቀረ። «ስልኮቹ ሁሉ ወረዱ» ብለዋል። ስንት ሳምንት በስላይድ ያላገኙትን ክፍል ያቺ ልጅ በአንድ ጥያቄ አመጣችልዎ። ልጆቹ ትምህርቱን አልጠሉትም። ሲጠብቁ የቆዩት ይህን ነው።

ጥያቄዋን እንደ ክስ አይውሰዱት። እኔ ሳነበው የተሰማኝ ፍርሃቷ ነው። ልጅቷ ቢበዛ 22 ዓመቷ ነው። ከተመረቀች በኋላ ዕድል ከቀናት አንድ ወረዳ ላይ ጠረጴዛ ይሰጣታል። አንድ ቀን አለቃዋ ወረቀት ይዞ ይመጣና «ፈርሚ» ይላታል። ያን ቀን ምን ማድረግ እንዳለባት ከአሁኑ ማወቅ ፈልጋለች። ፊቷ የቆመው ደግሞ ያን ቀን ያየ ሰው ነው። ታዲያ ማንን ትጠይቅ?

ስለዚህ ማክሰኞ ሲገቡ ፕሮጀክተሩን አያብሩት። «ባለፈው ሳምንት አንድ ጥያቄ ተጠይቄ ሳልመልስ አልፌያለሁ። መልሱ ‹አለ› ነው» ይበሏቸው። ከዚያ ለእኔ የጻፉልኝን ይንገሯቸው። እንደ ጻፉት፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ። ሙሉ ክፍለ ጊዜውን ይስጡት።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምል ላስረዳ። ያቺ ባዶ የፎቶ ቦታ የኮርስዎ ሙሉ ትምህርት ናት። ሰሌዳው ላይ አንድ የደብተር ገጽ ይሳሉ። ሁለት ሳጥን ጎን ለጎን። አንዱ ውስጥ ፊት ይሳሉ፤ አንዱን ባዶ ይተዉት። እስከ ትምህርቱ መጨረሻ እንዳያጠፉት። ከዚያ «ከየት ጋ ነው የተሰበረው?» ብለው ይጠይቋቸው።

የመጀመሪያውን መልስ ከአሁኑ አውቀዋለሁ። «ፖሊሲው ጥሩ ነው፣ ችግሩ አፈጻጸሙ ነው» ይሉዎታል። ይህች ዓረፍተ ነገር ያልገባችበት ስብሰባ እርስዎም አያውቁም፣ እኔም አላውቅም። እባክዎ በእሷ እንዳያመልጡ በሩን ይዝጉባቸው። አፈጻጸም የሚባል ሰው የለም። ፎቶ የሚነሳው በገበያ ቀን፣ ከተማ ላይ ይሁን ያለው ማን ነው? የፎቶውን ዋጋ ማን ይከፍላል ተባለ? ካሜራ ቀበሌ ድረስ ይውረድ ቢባል የነዳጁና የውሎ አበሉ ሒሳብ ከየት ይወጣ ነበር? ሴቶቹ ለምን እንደቀሩ ቤታቸው ሄዶ የጠየቀ አለ? ስማቸው የመታወቂያቸው ይሁን የሰፈራቸው ብሎ ያጣራ አለ? እነዚህ ሁሉ ውሳኔዎች ናቸው። አንድ ሰው ወስኗቸዋል፣ ወይም ማንም ሳይወስናቸው ቀርተዋል። ፖሊሲ ማለት እነዚህም ጭምር ናቸው።

ሕጉ መጥፎ አልነበረም፤ ይህን በደንብ ያስምሩበት። የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ 133/1998 ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ ይል ነበር። የቀበሌ መዝገብ ላይ ለዓመታት «አባወራ» ብቻ ሲጻፍ በኖረበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስንት ሴት በዚያ ደብተር መሬቷን ይዛ ልጆቿን አሳድጋለች። ልጆቹ ይህንንም መስማት አለባቸው። ስህተቱን ብቻ ነግረው ከላኳቸው «ድሮም መንግሥት» ብለው ይወጣሉ፤ እሱ ደግሞ ምንም አያስተምርም።

አሁን ወደ ሪፖርቱ ይምጡ። እንደምገምተው ቅጹ «ዕቅድ»፣ «ክንውን»፣ «በመቶኛ» የሚሉ ዓምዶች ነበሩት። ክንውን የሚለው ዓምድ የሚቆጥረው የታደለ ደብተር ነው። የተለጠፈ ፎቶ የሚቆጥር ዓምድ አልነበረም። ስለዚህ በቅጹ ቋንቋ 100 በመቶው እውነት ነበር። ደብተሩ ታድሏል። የሕጉ ዓላማ ግን ደብተር ማደል አልነበረም። ባሏ የሞተባት ቀን ያቺ ሴት በመሬቷ ላይ እንድትቀር ነበር። ቅጹ ያንን አልጠየቀም፤ ስለዚህ ማንም አልመለሰም። ልጆቹ ራሳቸው አዲስ ቅጽ እንዲሠሩ ያድርጉ። «አንዲት ዓምድ ብቻ መጨመር ብትችሉ ምን ብላችሁ ትጨምሩ ነበር?» ይበሏቸው። በዚያች አንድ ጥያቄ ስለ ክትትልና ግምገማ ከምዕራፍ ሙሉ ንባብ የበለጠ ይገባቸዋል።

ሰኔንም ያስተምሯቸው፤ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ልጆቹ ሰኔን የሚያውቁት በዝናቡ ነው። ለመንግሥት ሠራተኛ ግን ሰኔ ሌላ ወር ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 አዲሱ ይከፈታል። ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ነው፣ ያልተሞላ ዕቅድ ደግሞ ግምገማ ላይ ያስጠይቃል። ያቺ ባዶ ቦታ ባዶ የቀረችው በሰኔ ነው። በጥር ቢሆን ኖሮ አንድ የገበያ ቀን ይጨመር ነበር።

«በቃል ነው የተባልነው» ያሉትም እንዳያመልጥዎ። ሕገ መንግሥት፣ አዋጅ፣ ደንብ፣ መመሪያ እያሉ መሰላሉን አስተምረዋቸው ይሆናል። ከመመሪያ በታች ያለውንስ? ለየመሥሪያ ቤቱ የሚበተን ደብዳቤ፣ ሰርኩላር አለ። ከሰርኩላር በታች ስልክ አለ። ከስልክ በታች ኮሪደር ላይ በጆሮ የሚባል አለ። ሴትዮዋን የጎዳት አዋጁ ሳይሆን ኮሪደር ላይ የተባለው ነው። እዚህ ላይ የፌዴራሉን የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ 1183/2012 ያስገቡላቸው። ይህ አዋጅ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ሲያወጡ ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት እንዲያቀርቡ፣ የጸደቀውንም አስመዝግበው ይፋ እንዲያደርጉ ያስገድዳል። ባለጉዳይ አይቶት በማያውቀው መመሪያ «አይቻልም» እየተባለ ስንት ዘመን ተመልሷል! አዋጁን በደረቁ ካነበቡላቸው ይረሱታል። ከዚያች ሴት ጋር ካያያዙት ግን ፈተና አዳራሽ ውስጥም ትዝ ይላቸዋል። ስለ መውጫ ፈተና የጠየቁዎትም እንዲህ ይመለሳል። የልጆቹ ጭንቀት እውነተኛ ነው፤ ካላለፉ ዲግሪ የለም። አይናቁባቸው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። እንዴት ይነገራል?

ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንዱ «ታዝዤ ነው፣ ምን ማድረግ እችል ነበር» ማለት ነው። ወጣት ይህን ከሩቅ ያውቀዋል፤ ያኔ ስልኩን መልሶ ያነሳል። ሌላው በልጆች ፊት ደረት መምታት ነው። እንደዚያ ካደረጉ እነሱ እርስዎን ማጽናናት ይጀምራሉ፣ ሴትዮዋም ትረሳለች። የሆነውን በቅደም ተከተል ብቻ ይንገሯቸው። ያን ጊዜ ደመወዝዎ ስንት ነበር? ቤትዎ ስንት አፍ ነበር? አልፈርምም ቢሉ ምን ይመጣብዎት ነበር? ዝውውር ነው? የደረጃ ዕድገት መቅረት ነው? በግምገማ መድረክ መቆም ነው? ዋጋውን ሳይደብቁ ይንገሯት። ልጅቷ ማወቅ የፈለገችው ዋጋውንም ጭምር ነው።

ከዚያ ይህን ይጠይቋቸው፦ «ከመፈረምና እምቢ ከማለት ሌላ ምን ነበር?»

34 ዓመትዎ እዚህ ላይ ይሠራል። ከሪፖርቱ ግርጌ «ማሳሰቢያ፦ ይህን ያህል ደብተር የሚስት ፎቶ አልተሟላለትም» የምትል አንዲት መስመር መጨመር ይቻል ነበር። «በዛሬው ቀን በቃል በተሰጠን ትዕዛዝ መሠረት» ብሎ በማስታወሻ ለአለቃ መልሶ መጻፍ ይቻል ነበር። ቃለ ጉባኤ ላይ ሐሳብን ማስመዝገብ ይቻል ነበር። ፎቶ የጎደለባቸውን ስም ዝርዝር አንድ ክላሰር ውስጥ አስገብቶ ለተተኪው ማስረከብ ይቻል ነበር። ይህን ማድረግ ሰውን ጀግና አያሰኘውም። ከሥራም ላያስባርረው ይችላል። ያቺ አንዲት መስመር ፋይል ውስጥ ብትኖር ግን ሴትዮዋ ስትመጣ የምትይዘው ነገር ነበራት። ፍርድ ቤት ስትሄድ ባዶ እጇን አትሄድም ነበር። እርስዎ ይህን መንገድ ያውቁታል፤ የማሳሰቢያ አጻጻፉን፣ ግልባጭ ለማን እንደሚደረግ፣ የትኛው ወረቀት መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ካላወጣ ዋጋ እንደሌለው። ለእነዚያ 58 ልጆች ይህ ስንቅ ነው። አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ማስታወሻ መጻፍ ቢያለማምዷቸው አንድም ደቂቃ አልባከነም።

አንድ አደራ ግን አለኝ። እውነተኛ ሰነድ ክፍል ይዘው አይግቡ። የሴትዮዋንም፣ የቀበሌውንም፣ የአለቃዎንም ስም አያንሱ። በሥራ ያወቁትን የሰው ምስጢር መጠበቅ በጡረታ አያበቃም። ጊዜውም ስስ ነው። ቅጹን ራስዎ በባዶ ወረቀት ሠርተው ያባዙላቸው።

ይህ ጉዳይ ለምን ይህን ያህል እንደያዘኝ ልንገርዎ። አባቴ ያረፈ ጊዜ እናቴ ጡረታውን ለማስከበር አንድ መሥሪያ ቤት ተመላለሰች። ሕጉ አጭር ነው፤ ለሟች የትዳር ጓደኛ የጡረታ አበሉ 50 በመቶ ይሰጣል። እናቴ ግን አራት ጊዜ ሄዳ አራት ጊዜ ተመለሰች። አንድ ቀን የጋብቻ ማስረጃ አምጪ ተባለች። አንድ ቀን የፍርድ ቤት ወረቀት። አንድ ቀን ፎቶ። አንድ ቀን ደግሞ ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናት። በአምስተኛው እኔ አብሬያት ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጣለች። ፋይሉን ከፊት እስከ ኋላ ገለጠች። ከዚያ ጀርባው ያልተጻፈበት ወረቀት አወጣችና የጎደለውን ሁሉ በተርታ ጻፈች። ወረቀቱን ወደ እናቴ አዞረችው። እናቴ መነጽሯን እንዳልያዘች ስታይ በጣቷ መስመር በመስመር እያሳየች አነበበችላት። «እማማ፣ እነዚህን ይዘው ከመጡ ሁለተኛ አልመልስዎትም» አለቻት። አልመለሰቻትም። እናቴ ያቺን ወረቀት እስከ ዛሬ ከመታወቂያዋ ጋር በላስቲክ ጠቅልላ ይዛታለች።

አዋጁ ያው ነው። ቢሮውም ያው ነው። ለእናቴ ግን ሕጉ የዚያን ቀን ነው የወጣላት።

ወጣቱን ዶክተር በዚህ በኩል ያግኙት። ቲዎሪው ራሱ ከእርስዎ ጋር ነው። ማይክል ሊፕስኪ የሚባል አሜሪካዊ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1980 የጻፈው ይህንኑ ነው። መምህሩ፣ ፖሊሱ፣ መስኮት ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ በየቀኑ ከሰው ጋር ፊት ለፊት ሲገናኙ የሚወስኑት ተደምሮ ለዜጋው ፖሊሲው እሱ ነው ይላል። ጊዜ ሲያጥር፣ ሰው ሲበዛ፣ መመሪያው ሲደበላለቅ ሠራተኛው የራሱን አቋራጭ ያበጃል። እናንተ የተባላችሁት «ፎቶውን ቆይታችሁ ትለጥፋላችሁ» እንዲህ ያለ አቋራጭ ማለት ነው። ዶክተሩን አይቀየሙት፤ ክፍልዎ ይጋብዙት። እርስዎ ታሪኩን ይንገሩ፣ እሱ ከቲዎሪው ጋር ያጋጥመው። ልጆቹ ሁለታችሁን አንድ ሰሌዳ ፊት ቢያዩ ብዙ ይጠቀማሉ። እሱም ከእርስዎ፣ እርስዎም ከእሱ የምትማሩት አለ።

ጎንደር ደግሞ ለእንዲህ ያለ ትምህርት እንግዳ አይደለችም። በ1945 ዓ.ም. ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ብዙ ሕዝብ ጨረሰ። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ፤ አድጎ አድጎ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው እሱ ነው። እዚያ የጤና መኮንኑ፣ ነርሷና የአካባቢ ጤና ባለሙያው አብረው ይሠለጥኑ ነበር። ቡድን ሆነው እንደ ቆላ ድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ወርደው እየሠሩ ይማሩ ነበር። ረግረጉን ሳያዩ፣ ቤቱን ሳይገቡ፣ ውሃ የሚቀዳበትን ሳይጠይቁ ስለ ወባ ማወቅ እንደማይቻል ገብቷቸው ነው። የጤና ተማሪ ያኔ ገጠር ወርዶ ከተማረ፣ የዛሬ የፖሊሲ ተማሪ ለምን ከክፍል ሳይወጣ ይመረቃል?

ስለዚህ ከኢንተርኔት የሚገለበጠውን አሳይመንት ይተዉት። ልጆቹን ስድስት ስድስት አድርገው ይመድቧቸውና ለአንዱ ቡድን «አንድ ጄሪካን ውሃ ተከተሉ» ይበሉ። ጎንደር ውስጥ ውሃ በፈረቃ እንደሚጠበቅ፣ ቢጫው ጄሪካን በር ላይ እንደሚደረደር የማያውቅ የለም። ለምን? ከምክንያቶቹ አንዱ የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ መምጣቱ ነው። ደለሉ ከየት መጣ? ከግድቡ በላይ ካለው ተዳፋትና እርሻ። እንግዲህ አራዳ ያለችው እናት ቧንቧ ከተራራው ላይ ካለው ገበሬ ማረሻ ጋር ተያይዟል ማለት ነው። ገበሬው ለጎንደር ሰው ብሎ ማሳው ላይ ለምን እርከን ይሥራ? እርከን መሬት ይወስድበታል። ለቀረበት ማን ይካሰው? ጉዳዩ የውሃ አገልግሎቱ ነው፣ የግብርናው ነው፣ የመሬት አስተዳደሩ ነው ወይስ የከተማው? ልጆቹ በየቢሮው ሲዞሩ «እኛን አይመለከትም» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰሙ ይቁጠሩ። ሪፖርታቸው ላይ ያንንም ይጻፉት።

ሌላው ቡድን ፋሲል ግቢ አካባቢ ይሂድ። ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። በዙሪያው የሚኖር ሰው ቤቱ ሲያረጅ ምን ያደርጋል? ማን ይፈቅድለታል? ሦስተኛው ቡድን አንድ ፈቃደኛ ባለጉዳይ አግኝቶ ጉዳዩ እስኪያልቅ አብሮ ይመላለስ። ስንት ቀን፣ ስንት ብር ትራንስፖርት፣ ስንት ኮፒ። ይበቃል።

ስለ ስላይዱ አንድ ቃል ብቻ። ከምሳ በኋላ የሚነበብ ስላይድ እኔንም ያስተኛኛል። ቀንሱት።

«ሲሾም ያልበላ» ብሎ ያሳቀው ልጅስ? እንዳመመዎት ይገባኛል። ግን ልጁ እርስዎን አያውቅዎትም። የሚያውቀው የሰማውን ነው፤ ተረቱ ደግሞ ከእሱም ከእርስዎም ይበልጣል። ሰሌዳ ላይ ይጻፉትና ቁምነገር ያድርጉት። ሕዝቡ ይህን የተረተው ለምንድን ነው? ሹመት ደመወዝ በሌለበት፣ ሹመኛው ከሚሰበስበው ላይ ይኖር በነበረበት ዘመን መብላት ማለት ምን ነበር? ዛሬስ ምን ተቀየረ፣ ምን አልተቀየረም? ከዚያ እርስዎ ለምን እንዳልበሉ ይንገሯቸው። ሃይማኖትዎ ነው? የእናትዎ አደራ ነው? የማኅተሙ ፍርሃት ነው? ያ ልጅ 34 ዓመት ሠርቶ ያልሰረቀ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ አዋርቶ ላያውቅ ይችላል።

አንድ ነገር ቀረኝ። «ምን እንደደረሰች አላውቅም» ብለዋል። ታሪኩን ሲጨርሱ የልጅቷ ቀጣይ ጥያቄ እሱ ነው። «ሴትዮዋስ?» ትላለች። ማክሰኞ «አላውቅም» ይበሏት፤ እውነቱ እሱ ነው። ግን እዚያ ላይ አያቁሙ። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ወደዚያ ወረዳ ይሂዱ። በኋላ ዓመታት ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው ምዝገባ መጥቶ የብዙ ገበሬ ይዞታ በካርታ እንደገና ተመዝግቧል። የእሷም ያኔ ተስተካክሎ ይሆናል። ፍርድ ቤት ፈርዶላት ይሆናል። መሬቷን አጥታ የሰው ቤት እንጀራ እየጋገረችም ይሆናል። ሲሄዱ በጓደኛ፣ በኋላ በር አይግቡ። እንደማንኛውም ባለጉዳይ ወረፋ ይያዙ። ፋይል እንዴት እንደሚፈለግ እንኳ ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ሥራ የጀመሩት መዝገብ ቤት ነው። በሕይወት ካገኟት ስለ መሬቱ ከመጠየቅዎ በፊት ይቅርታ ይጠይቋት። የምትነግርዎትን ለልጆቹ መንገር እንደሚችሉም ያስፈቅዷት። ከፈቀደች ለእኔም ይጻፉልኝ።